«ደህና አላደርኩም» ያለው የሲራራ መሪ

በአዳማ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ወዬሳን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው ወይ አውቆ አላውቅም የሚል ምቀኛ ነው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሳቁ ከባቡሩ ፉጨት ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነበር። ሥራው የሲራራ መሪነት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ያመጣውን ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ አስጭኖ፣ አዋሽን በመልካሳ አሻግሮ አርሲ ይወጣል፤ ከዚያም ቅቤና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። አዋሽ ሞልቶ ሌላው ዳር ቆሞ ሲማከር፣ እሱ ጋቢውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ቦራ የሚላትን መሪ በቅሎ ይዞ ውሃው ውስጥ ይገባል። «ኧረ አዞ አለ!» ሲሉት «እኔን ከበላ ሆዱን ያመዋል» ብሎ ይመልሳል። ጫኞቹም እየሳቁ ይከተሉታል።

ይኸው ሰው ጠዋት ጠዋት ይፈራ ነበር።

እንዲያው ምክንያት የሌለው ፍርሃት። መቼ እንደጀመረው በደንብ አያስታውስም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በጫኑ ዓመት ይመስለዋል። ዶሮ ሲጮህ፣ ዓይኑ ገና ሳይገለጥ፣ ደረቱ ጭምቅ ይልበታል፤ የበቅሎ ጭነት የሚታሰርበትን ጠፍር በሱ ላይ ያጠበቁት ያህል ነው። ልቡ ይደልቃል፣ መዳፉ ያልበዋል። «ዛሬ አንድ ነገር ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ምን ይሆናል? አያውቅም። በቅሎዎቹ ይሆኑ? ወንዙ ይሆን? ሚስቱ ዲንቄ ትሆን? ሁሉም ይመስሉታል፤ አንድ በአንድ ሲያያቸው ደግሞ አንዳቸውም አይደሉም። ዲንቄ አጠገቡ ያለ ሐሳብ ትተነፍሳለች፤ እሱ የጣራውን ሳር እያየ ገና ያልመጣውን ቀን ይፈራል። ከዚያ ፀሐይ የቅንጭቡን አጥር አልፋ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ያ ሁሉ ጭንቅ ብን ብሎ ይጠፋል።

ክፋቱም እዚህ ላይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሆኖ የጠዋቱን ወዬሳ ሲያስበው ሌላ ሰው ይሆንበታል፤ ያፍርበታል። አዞን የሚሰድብ ሰው «ጎህ ሲቀድ እፈራለሁ» ብሎ ለማን ይናገራል? ለራሱም ጮክ ብሎ አልተናገረም።

ያልሞከረው ነገር የለም። አረቄ ሞከረ፤ ማታውን አቀለለለትና ጠዋቱን በእጥፍ አስከፈለው። ጠበል ተጠመቀ። ከሁሉም የሚሻለው ተነስቶ ጋጣ መግባትና ግንባሩን ቦራ አንገት ላይ አስደግፎ መቆም ነበር። የበቅሎዋ ሙቀትና ትንፋሽ ትንሽ ያረጋጋዋል። ሆኖም ሰው በቅሎ አቅፎ ውሎ አያድርም።

አንድ ቀን በዘዴ ልጠይቅ ብሎ፣ ጫኞቹ በተቀመጡበት፣ «አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ጠዋት ሲነቃ የሚያስፈራው ነገር አለ» ሲል ጀመረ። ምክሩ ጎረፈ። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ዛር ነው አለ። ሌላው ወዳጁ ሚስት እንዳለው ጠየቀና፣ አለችው ሲባል «እንግዲያው እሷ ናት» ብሎ ደመደመ። በሥሩ የሚሠራው ጎረቤቱ ፉፋ ደግሞ «ይህን የሚያህል ፈሪ ወዳጅ ከየት አገኘህ?» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ወዬሳም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ወዳጁን አላነሳውም።

ሲራራ ደግሞ የሚነሳው በማለዳ ነው። ልክ እሱ በማይሆንበት ሰዓት። አንድ ጊዜ «ቦራ አነከሰችብኝ» ብሎ ቀረ። ሌላ ጊዜ ጥርሱን አሳበበ። በሦስተኛው ቦራ እንደገና አነከሰች፤ ምስኪኗ በቅሎ ምንም ሳትሆን ስሟ ጠፋ። ያን ጊዜ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴው አብደላ፣ ከወሎ መጥቶ ጣቢያው ጀርባ መጋዘን የከፈተ ረጋ ያለ ሰው፣ ወዬሳን ለብቻው ጠራው።

«ወዬሳ፣ ቦራን ትናንት ገበያ ዳር ስትዘል አየኋት» አለው።

ወዬሳ ጋቢውን ማስተካከል ጀመረ።

«ምን እንደሆንክ አልጠይቅህም፤ ልትነግረኝ ብትፈልግ ትነግረኝ ነበር። ግን ሰኞ ማለዳ ጨው ይጫናል። ከመጣህ አንተ ትመራለህ። ከቀረህ ፉፋ ይመራል። ፉፋ አንዴ ከመራ ደግሞ መልሼ ልነጥቀው አልችልም፤ ነውር ነው። ይህን ዛሬ ነግሬሃለሁ።»

ወዬሳ እሺ ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ግን ያሰላስል ጀመር። መሪነቱ ከተወሰደበት ወዬሳ ማለት ምንድን ነው? ትልቅ ትከሻ ያለው አንድ ሰው፣ ያ ብቻ። ከበቅሎ ኋላ አቧራ እየበላ ፉፋን ሲከተል ራሱን አየውና ከሰኞ ጠዋት ጋር የተጣላ መሰለው።

አሁን እማማ አሰለፈችን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሳቸው ይህ ወሬ አይሄድም። ከምንጃር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከወዬሳ ጋር በቅንጭብ አጥር የሚዋሰኑ ሴት ናቸው። አጥራቸው ወደ መንገዱ በሚወጣው ጫፍ ላይ ክፍተት አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ብርድም ቢሆን ካፊያ፣ እዚያ ክፍተት ላይ ጋቢ ተከናንበው ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚውን በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላም ይላሉ፤ ያውም አጭር ሰላምታ አይደለም። «አከም ቡልቴ? እንዴት አደርክ? ቤቱ ደህና አደረ? ከብቱስ? ልጆቹስ?» ሁሉንም ሳይመልሱ ማለፍ የለም። ስለዚህ ሰፈሩ ክፍተቱን «የእማማ ኬላ» ብሎ ሰየመው፤ ነጋዴ ለቀራጭ ሳይከፍል እንደማያልፍ ሁሉ፣ እዚያም ደህንነቱን ሳይናገር የሚያልፍ አልነበረም። ወሬ ለመልቀም ነው የሚሉም ብዙ ነበሩ።

መልሱ ደግሞ የታወቀ ነው፦ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን።» በእኛ አገር ሌላ መልስ የለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ በመጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ውሃ ከቀመሰ በኋላ ነው «ቤቴ ተቃጠለ» የሚለው። ወዬሳም በየማለዳው፣ ደረቱ እንደታሰረ፣ በዚያ ትልቅ ድምፁ «ደህና እማማ! ነጋ!» እያለ አልፏል።

ሰኞ ነጋ። ዲንቄ ለባሏ ስንቅ የምታዘጋጅበት ውሃ ልትቀዳ በጨለማ ወጥታለች። ወዬሳ ሲነቃ ብቻውን ነው፤ ፍርሃቱም እንደዚያን ዕለት ከብዶት አያውቅም። እንደምንም ተነሳ። በትሩን ይዞ እስከ አጥሩ ሄደና ቆመ። ልመለስ ነው፣ ቦራ አነከሰች እላለሁ፣ ፉፋም ይምራ፣ እያለ ነበር በልቡ።

«አከም ቡልቴ ወዬሳ? እንዴት አደርክ ልጄ?» አሉ እማማ ከኬላቸው።

አፉን ከፈተ። ደህና ሊል ነበር፤ እምልላችኋለሁ ደህና ሊል ነበር። ግን ሌላ ነገር ወጣ።

«ደህና አላደርኩም እማማ» አለ።

እማማ አሰለፈች በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ። ሰው እንዲህ የሚመልሰው ቤቱ ውስጥ ሬሳ ሲኖር ብቻ ነው። ትናንት ማታ ደግሞ ዲንቄ ራሴን አመመኝ ብላ በጊዜ ገብታ ነበር፤ ዛሬም ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። እማማ በሐሳባቸው ነገሩን ጨረሱት።

«ወይኔ ዲንቄን! ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ እማማ፣ እሷ አይደለችም...» ማለት ጀመረ ወዬሳ። ማን ሰምቶ! ጩኸቱ ከግቢ ግቢ ዘለለ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ፉፋ ወደ ጣቢያው ሮጦ ለአብደላ መርዶ አደረሰ፤ ጫኞቹም የያዙትን የጨው ጆንያ ጥለው ግልብጥ ብለው መጡ። አንዷ ጎረቤት ለለቀስተኛ የሚሆን ንፍሮ ጣደች። እማማ አሰለፈች ደግሞ፣ የሚገንዙት አሮጊቶች እስኪመጡ ማንም አይገባም ብለው የቤቱን በር ዘግተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ራሳቸው ገብተው ለማየት አንጀታቸው አልቻለም።

«ሰዎች፣ ማንም አልሞተም!» አለ ወዬሳ።

«አዎ አዎ፣ አልሞተችም፣ አይዞህ» አለ ፉፋ በግራ ክንዱ ይዞት እያለቀሰ።

«እውነቴን ነው! ዲንቄ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነው!»

«ውሃ ልትቀዳ ሄደች ይላል እኮ» ተባባሉ ሴቶቹ፤ ለቅሶውም ባሰ። አብደላ በቀኙ መጥቶ ትከሻውን አቀፈና «አላህ ያጽናህ ወንድሜ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» አለው። ከኋላ ያሉት ወንዶች ለቤተሰቦቿ ማን ይንገር በሚለው ላይ መከራከር ጀምረዋል። ወዬሳ ከዚህም ከዚያም በሰው እጅ ተይዞ፣ ሊቆጣ ይሁን ሊስቅ ግራ ገብቶት ቆመ። አንድ ነገር ግን ሳይወድ አስተዋለ። ደረቱ ላይ ያለው ጠፍር ላላ ብሏል።

ያን ጊዜ ዲንቄ እንስራዋን አዝላ ከመታጠፊያው ብቅ አለች።

ደጇ በሰው ተጥለቅልቋል። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። ከቤት የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ባሏ። እንስራው ከጀርባዋ ወድቆ ተሰበረ። «ያ ወዬሳ ኮ! ወዬሳዬ!» ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጠራችው፣ ደረቷን እየደቃች ወደ ሕዝቡ ሮጠች። የሚያለቅሱላት ሰዎች ዞር ብለው ሟቿ ስታለቅስ አዩ። አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ አማተበች። መንገድ ተከፈተላትና ዲንቄ እየጮኸች መሐል ስትደርስ፣ ወዬሳ በሁለት ሰው ተይዞ፣ በሕይወት፣ አፉን ከፍቶ ያያታል።

ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት አቆሙ።

«ማነው የሞተው?» አለች ዲንቄ።

ሁሉም ወደ እማማ አሰለፈች ዞረ። እማማ ወደ ወዬሳ ጠቆሙ። «ደህና አላደርኩም አለኝ! በዚህ ጆሮዬ!»

አብደላ እጁን ከወዬሳ ትከሻ ላይ ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ማምለጫ የለም። ሰፈሩ በሙሉ እንባውን እየጠረገ ይጠብቃል። ወዬሳ የተሰበረውን እንስራ እያየ ተናገረ።

«ጠዋት ጠዋት እፈራለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስነቃ ይይዘኛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቀኛል። ቦራ አላነከሰችም። ያ ወዳጄ ያልኳችሁም እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ጫኝ ሳቀ። ሳቁ ግን ብቻውን ቀረና መልሶ ዋጠው። ፉፋ የያዘውን ክንድ ለቀቀ። «አንተ? አዋሽ ውስጥ ዘለህ የምትገባው?»

«አዋሽን የምሻገረው ቀን ነዋ!» አለ ወዬሳ።

ይህን ጊዜ እማማ አሰለፈች በሩን ተደግፈው ተነሱ። ፊታቸው እንደ ተቆጣ ሰው ሆኗል።

«እኔስ ይህን ኬላ ያቆምኩት ለምን ይመስላችኋል? ወሬ ለመልቀም? ባሌ ካረፉ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ያ ነገር ይመጣብኛል። ቤት ከተኛሁ ያንቀኛል። የሰው ድምፅ እስክሰማ ነው ጭንቁ። አንዱ ደህና አደርኩ ሲለኝ ትንሽ ይለቀኛል፤ ሌላው ሲለኝ ደግሞ ትንሽ። ወዬሳ ሲያልፍማ ያ ድምፁ ሆዴ ድረስ ይገባል፤ ከሱ በኋላ ገብቼ እሳቴን አነዳለሁ።»

ወዬሳ ቀና ብሎ አያቸው። ያን ሁሉ ማለዳ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ቆመው ነበር፤ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ።

«ውሸቴን እኮ ነበር እማማ» አለ። «አንድም ቀን ደህና አድሬ አላውቅም።»

«ቢሆንም ረድቶኛል» አሉት።

ወዬሳ አለቀሰ። በሰው ፊት፣ በዚያ ቁመቱ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ማንም አይዞህ አላለውም፣ አብረውት ቆሙ እንጂ። ከቆይታ በኋላ ዲንቄ መጥታ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አጠገብህ ተኝቼ ለእኔ ሳትነግረኝ! ፊትህን ወደ ግድግዳ ስታዞር ሌላ ሴት ያየህ መስሎኝ ስንት ቀን ተቃጠልኩ። ከእንግዲህ ሲመጣብህ ቀስቅሰኝ። እንስራውንም ትገዛለህ።»

ፀሐይ ቅንጭቡን አልፋለች። አብደላ ሰማዩን አየ፣ ሜዳ ላይ የቀረውን ጨው አሰበ፣ ከዚያ ወደ ፉፋ ዞረ። መምራቱን ሊሰጠው እንደሆነ ወዬሳም ገብቶታል፤ የተባለው ማለዳ አልፏል። ፉፋ ግን ቀድሞ ተናገረ።

«እኔ አዋሽን ፊት ፊት አልገባም። አዞው እኔን ቢበላ ሆዱን አያመውም።»

ሳቁ ከእንባው ጋር ተደባለቀ። አብደላም ሳይወድ ፈገግ አለ። «ጨው ዝናብ እንጂ ፀሐይ አይፈራም» አለ። «ከማለዳ ሌላም ሰዓት አለ ለካ። ንፍሮው ከደረሰ እንብላና እንጫን። ወዬሳ፣ ቦራን አምጣ።»

ለዲንቄ ለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ ዲንቄ ራሷ አደለችው፤ የተረፈውንም ለባሏ ስንቅ ቋጠረችለት። ሲራራው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ፣ ከመቼውም ዘግይቶ፣ ከአዳማ ወጣ። ቦራ ከፊት ነበረች፤ ልጓሟን የያዘው ወዬሳ ነው።

ከመልካሳ ማዶ ባደሩበት ቦታ ጎህ ሲቀድ ፍርሃቱ እንደልማዱ መጣ። ሰው ሁሉ ስላወቀልህ እተውሃለሁ አላለም። ወዬሳ በጋቢው ተጠቅልሎ፣ ልቡ እየደለቀ፣ የወንዙን ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ራቅ ብሎ ፉፋ እሳት ያቀጣጥላል።

«ወዬሳ፣ እንዴት አደርክ?» አለ ፉፋ።

ደህና ቢል ውሸት ነው። አላደርኩም ቢል ያ ሁሉ ጫኝ ደረቱን ሊመታ ነው። ትንሽ አሰበ።

«ገና ነኝ» አለ።

«እሺ» አለ ፉፋ ጭራሮውን እየሰበረ። «እሳቱ ሊያያዝ ነው። ስትደርስ ንገረኝ።»

ወዬሳ የጭራሮውን መሰባበር እያዳመጠ ተጋደመ። ሌላው ጫኝ ፉፋን እንዴት አደርክ አለው፤ ሦስተኛው ስለ በቅሎዎቹ ጠየቀ፤ ቦራ አናፋች። ጠፍሩ በአንድ ጊዜ አልተፈታም፤ ቀስ እያለ ላላ። ፍርሃቱ እንደመጣ እንደሚሄድ ሁልጊዜም ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን እስኪሄድ የሚጠብቀው ብቻውን አልነበረም። ኋላ ተነስቶ እሳቱ ዳር ተቀመጠና «ደረስኩ» አለ። ፉፋም ሙቅ ውሃ ቀዳለት።

ከአርሲ ቅቤ ጭነው ሲመለሱ «ገና ነኝ» የሚለው ቃልም አብሯቸው አዳማ ገባ፤ ጫኝ ወሬ አይሸከምም ያለው ማነው? ሰፈሩም ለመደው። በኬላው በኩል ሲያልፍ «ገና ነኝ እማማ» የሚል ሰው አልጠፋም፤ መጀመሪያ በቀልድ፣ ኋላ ግን ከልቡ። አንድ የአብደላ ዘበኛና አንዲት ከአራስ ቤት የወጣች ሴት ከነሱ ነበሩ። ማንም አልጮኸባቸውም።

እማማ ራሳቸው ግን ይጠይቃሉ እንጂ አይጠየቁም ነበር። የኬላ ጠባቂን ማን ይጠይቃል? አንድ ማለዳ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ወዬሳ ወደ ጋጣው ሊሄድ ወጣ። ደረቱ እንደተለመደው ታስሯል፤ ዲንቄንም ቀስቅሶ ነግሯት፣ እጁን ይዛው ቆይታ ነው የተነሳው። እማማ በክፍተቱ ላይ ቆመው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደማቸው።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ቤቱ ደህና አደረ?»

ከልማዳቸው ደህና ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰበሰብ አደረጉ።

«ገና ነኝ ልጄ» አሉ።

ወዬሳ በትሩን አጥሩ ላይ አስደገፈ። «እኔም ገና ነኝ» አላቸው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ቆመው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጨው ዋጋ፣ አሁንም ገበያ ዳር ስለምትዘለው ቦራ ተጨዋወቱ። ፀሐይዋ በዝግታ መጣች፤ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ ቅንጭቡን፣ ከዚያ የእማማን እጅ ነካች። እማማ ገብተው እሳታቸውን አነደዱ፤ ወዬሳም ቦራን ሊጭን ሄደ።